ኮምቦልቻ 200፣ ደሴ 190፦ የአየር ጠመንጃህ አያፈስም

አየሩ አላመለጠም፤ ቀዝቅዞ ነው። ኮምቦልቻ በቀትር የታመቀ አየር እስከ 200 ባር (የግፊት አሃድ ነው) የሞላኸው ጠመንጃ ደሴ ሲያድር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 190 ቢያሳይ አትደንግጥ። 27 ዲግሪ ላይ የነበረ አየር ወደ 12 ሲወርድ ግፊቱ 10 ባር ገደማ ይቀንሳል። የደሴ ከፍታ ግን ጌጁ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም።

ልብህ ካልረጋ፣ ሁለት ቀን ሳትተኩስበት አስቀምጠውና ጠዋት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ጌጁን እይ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ተገላገልክ። ከወረደ ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጥና መሙያውና ጌጁ ሥር የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ የሚተፋው ቦታ ላይ የጎማ ቀለበቱ አልቋል። ከመፍታትህ በፊት አየሩን ጨርሰህ አስወጣ። አዲሱን ቀለበት ስትገጥም የሲሊኮን ግሪስ እንጂ የሞተር ዘይት አታስጠጋ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእጅ ፓምፕ ሰልችቶኝ (ከ150 ባር በኋላ ወገብ ይቆርጣል) ብየዳ ቤት ሄጄ ኦክስጅን ላስሞላ ነበር። በያጁ «ቅባት ያለበት ዕቃ ላይ አልሞላም» ብሎ መለሰኝ። ያኔ ተናድጄበታለሁ። ኦክስጅን በዚያ ግፊት ከቅባት ጋር ከተገናኘ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ደረቅ አየር ብቻ ሙላ።