የነከሰው ውጅግራ

ከመሐል ሜዳ ከተማ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ያልከኝ ይህን ነው። የአያትህ ውጅግራ ፈቃድ ያለው ነው። ለአጎትህ ቀብር ሊተኮስ ሲል ጥይት ጠፋ፤ ከክላሽ ጥይት ባሩድ አውጥታችሁ ሦስት አሮጌ ቀልሃ ሞላችሁ፣ እርሳሱንም ከመኪና ባትሪ አቀለጣችሁ። የመጀመሪያው «ጡፍ» ብሎ ቀረ። ሁለተኛው ትከሻህን ሊነቅለው ደረሰ፣ መዝጊያውም ነክሶ በመዶሻ ተከፈተ። «ጋሼ፣ መርፌው ይሆን? ሦስተኛውን እንሞክረው?»

አትሞክረው። መርፌውም አይደለም። በመዶሻ ተከፈተ ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ግፊት በዝቶበታል። ሁለተኛውን ቀልሃ ገልብጠህ ቂጡን እየው። ካፕሱሉ፣ ማለትም መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሹ ቆብ፣ ከተዳመጠ፣ ዙሪያውን ጥላሸት ከከበበው፣ ከከንፈሩ በላይም ሆዱ ካበጠ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም።

ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የተሠራ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ብረቱም ቀልሃውም የተለካው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁሩ ባሩድ ቢታፈንም ባይታፈንም የመንደዱ ፍጥነት የጭስ አልባውን ያህል አይለወጥም። ጭስ አልባው የክላሽ ባሩድ ግን ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ራሱ እየፈጠነ ይነድዳል፤ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ይወጣሉ። ሜዳ ላይ ብትለኩሰው ረጋ ብሎ ስለሚቃጠል ጀማሪን የሚያታልለው ይኸው ነው፤ «ይሄማ ደካማ ነው» ይልና ይጨምራል። ሌላም ተንኮል አለው። ጥቁር ባሩድ የውጅግራን ትልቅ ቀልሃ እስከ እርሳሱ ድረስ ይሞላዋል፤ ሁለቴ ላድርግ ብትል ይፈስሳል። ጭስ አልባው ግን ጥቂቱም ብዙ ጉልበት ስላለው ከታች ተኝቶ ባዶ ይመስልሃል፤ ወሬ ይዘህ ሁለቴ ብትጨምርበትም ቀልሃው አይነግርህም። የመጀመሪያችሁ አንሶ ሁለተኛችሁ እጥፍ የሆነው በዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ከሌላ ጥይት የወጣ ባሩድ ውጅግራ ውስጥ አይግባ። በትንሹም ቢሆን አይግባ።

አሁን ወደ አፈሙዙ። «ጡፍ» ያለው ጥይት እርሳሱ ወጥቶ ይሁን መንገድ ላይ ቀርቶ ማንም አላየም፤ ሁለተኛው ከኋላው መጥቶ ገፍቶት ሊሆን ይችላል። መዝጊያውን አውጥተህ፣ ቱቦውን ወደ ሰማይ አቅንተህ ከኋላ በኩል ተመልከት። ንጹሕ ቱቦ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ያበራል፤ የተነፋ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት የጠቆረ ጥላ ታያለህ። ከውጭም በሁለት ጣትህ ይዘህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሰው፤ ጉብታው ከዓይንህ በፊት ለጣትህ ይታወቀዋል። ቀለበት ካለ ያ ጠመንጃ ከእንግዲህ የግድግዳ ጌጥ ነው። ደከም ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ቱቦውን ሳያይ ሁለተኛ አይተኩስም።

ከዚያ ደግሞ መዝጊያው «ከዚህ በፊት ተበይዷል» ብለሃል። ይህን ስሰማ ያንገበግበኛል! በየመንገዱ ያለ የበር በያጅ ጠመንጃ ሲያመጡለት እምቢ አይልም። መዝጊያ ጥንካሬውን ያገኘው በእሳት ተለክቶ ነው፤ የብየዳ እሳት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ላዩ ቢወለወልም ውስጡ ሌላ ብረት ሆኗል። ከጃንጥላ ሽቦ የተሠራ የመርፌ ሞላም ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ግማሹ ካፕሱሉን አይመታም፣ ግማሹ ይበሳዋል፤ ሲበሳው እሳቱ ወደ ዓይንህ ነው የሚመጣው። የባትሪውን እርሳስ ነገር እንኳ ልተወው፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ልጆች ባሉበት ግቢ ዳግም እንዳታቀልጡ።

ሦስተኛውን ጥይት አትፍታው፣ ምድጃ አጠገብም አታኑረው፤ ለፖሊስ አስረክበው። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በአዋጅ 1177/2012 እንደሚያስጠይቅም እወቅ። ጠመንጃውን መዝጊያው እንደወጣ፣ ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ደብረ ብርሃን ይዘኸው ና። የተተኮሱትን ሁለት ቀልሃዎችም ጨምር፤ ሳታጥባቸው።