አከራዬ በትርፍ ቁልፍ ሲገቡ ዝም ማለቴ ምን እንዳስከፈለኝ

እህቴ፣ «አከራዬ እኔ ሥራ ስሄድ በትርፍ ቁልፍ ከፍተው ይገባሉ፤ ብናገር እንዳያስወጡኝ እፈራለሁ፤ መብቴ ምንድን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ያንቺም አከራይ «እንደ ልጄ ስለማይሽ ነው» ሳይሉሽ አይቀሩም። የእኔዋ በየጊዜው የሚሉት ይህንኑ ነበር።

1. ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 13 ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ ውጪ ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ መኖሪያው አይገባበትም ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 መኖሪያ ቤት ከመመርመር የተጠበቀ መሆኑን ደንግጓል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ደግሞ የሰው መኖሪያ መድፈርን በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ማከራየት የመኖሪያውን ይዞታ ለተከራዩ ማስረከብ ነው፤ የባለቤትነት ካርታ መያዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ሁሉ እኔም በጊዜው አውቅ ነበር። ያቃጠለኝ የሚቀጥለው ነው።

2. እንዳይገቡ በጽሑፍ ንገሪያቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2053 የሰው ቤት ገብቶ ጥፋት ስለሚያደርስ ሰው ሲናገር፣ ባለይዞታው አለመፈለጉን በግልጽ ያስታወቀ መሆኑን ይጠቅሳል። እኔ አላስታወቅሁም። የመጀመሪያው ቀን ስመለስ ዘግቼው የሄድኩት መስኮት ተከፍቶ፣ የሰነዶቼ ፖስታ ከመሳቢያው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስደውል «ቆጣሪ ላነብ ነው የገባሁት» አሉኝ። ቆጣሪው ያለው ግቢው በር አጠገብ፣ ከውጪ ነው! እኔ ግን ይሉኝታ ይዞኝ በስልክ መልእክት «እሺ እማማ፣ ችግር የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ይህቺን መልእክት አትርሺብኝ።

ሰባት ወር እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን አልጋዬ እንደገና ተነጥፎ ሳገኘው በቃኝ። ለማንም ሳልናገር የበሩን ቁልፍ አስቀየርኩ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝነት ነው። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ፈነዳ፤ ውኃው ከታች እሳቸው ወደሚኖሩበት ክፍል ወረደ። ቁልፋቸው አልከፍት ሲላቸው በሩን አሰብረው ገቡ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን ትክክል እሳቸው ነበሩ፤ አስቸኳይ ጥገናን ተከራይ ሊከለክል አይችልም። የበሩንም፣ የምንጣፋቸውንም፣ የጣሪያውን ቀለምም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ተናድጄ የሰባቱን ወር በደል ይዤ አቤት ለማለት ሄድኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ካቆመኝ በኋላ የተቀበለኝ ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ቤቱ የማን ነው?» አለኝ። አንቀጽ 13ን ስጠቅስለት «ጠበቃ ነህ?» ብሎ ሳቀ። አከራዬ ተጠርተው መጡና ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ያቺን መልእክት አሳዩት። «እሺ እማማ፣ ችግር የለውም።» ሰውየው ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበባት። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

3. ማስረጃ... ይህም ያው ታሪኩ ነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በሁለት ቅጂ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳልፈቅድና ሳልኖር ወደ ተከራየሁት ቤት እንዳይገቡ አሳስባለሁ። ለጥገናና ቤቱን ለማየት ከአንድ ቀን በፊት ቢነግሩኝ በተስማማንበት ሰዓት እከፍታለሁ። ውኃ፣ እሳት ወይም ኤሌክትሪክ አደጋ ካደረሰ ይደውሉልኝ፤ ካላገኙኝ ጎረቤት ይዘው ይግቡ።» አልፈርምም አሉ። ሁለት ጎረቤቶች ይዤ ሄጄ ፊታቸው አነበብኩላቸውና ምስክሮቹ ፈረሙ። አዲሱን ትርፍ ቁልፍ ደግሞ በፖስታ አሽጌ፣ በመዝጊያው ላይ ፈርሜ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ኩርፊያው ሁለት ወር ቆየ፤ ሰላምታዬንም አይመልሱም ነበር። አንድም ቀን ግን አልገቡም። ከዓመት ተኩል በኋላ ለቅቄ ስወጣ ፖስታውን ሲመልሱልኝ ፊርማዬ ሳይቆረጥ እንዳለ ነበር።

ማስወጣቱን ስለፈራሽው፦ በእኔ ጊዜ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አልነበረም። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ከሆንሽ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አከራይም ከጊዜው በፊት ውሉን የሚያቋርጠው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው። «በቃል ተስማምተናል» እንዳትይኝ ብቻ። ውሉ ካልተመዘገበ ከደብዳቤው በፊት እሱን ጨርሺ፤ ስለ መግባትም አንድ መስመር አስገቢበት።

ወደ ወንጀል ክስ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ፣ አቤቱታው ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እኔ ሰባት ወር ጠብቄ ነው የሄድኩት። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ የገቡበትን ቀንና ያየሽውን ነገር ዛሬ ማታ ጻፊው፤ ለይቅርታቸውም በስልክ ምንም አትመልሺ።