ከሐይቅ ዳር ሱባኤ ለሚይዙ

ጥያቄ፦ በመጪው ፍልሰታ ጣና ገዳማት ሄጄ ለሰባት ቀን ሱባኤ ልይዝ አስቤያለሁ። የተመኘሁት ደጋ እስጢፋኖስን ነበር፤ ሴት አትገባም አሉኝ። የት ልሂድ? ምንስ ልያዝ?
እኅታችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የተነገረዎት እውነት ነው፤ ደጋ እስጢፋኖስም ክብራን ገብርኤልም ሴት አያስገቡም። ከክብራን አጠገብ ባለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን መነኮሳይያት አሉ፤ በዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ለሴት ክፍት ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዘጌ ይሻልዎታል፦ በመኪናም ስለሚደረስ ቢያምዎት ጀልባ አይጠብቁም። በፍልሰታ እንግዳ ስለሚበዛ ማደሪያ መኖሩን፣ የአካባቢውንም ጸጥታ፣ ባሕር ዳር ባለ ካህን በኩል አስቀድመው ያስጠይቁ። መታወቂያና ከአጥቢያዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይያዙ። በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ በጠዋት ይሳፈሩ፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። በወር አበባ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስለማይገባ ቀኑን ቆጥረው ይነሱ።

ብዙ ሰው ሱባኤውን የሚያቋርጠው በመጀመሪያው ቀን ከአቅም በላይ ስለሚጀምር ነው። ሙሉ ዳዊትና 300 ስግደት ብሎ የገባ በሦስተኛው ቀን ወገቡን ይዞ ይተኛል። የሚሰግዱትንና የሚጸልዩትን የንስሐ አባትዎ ይወስኑልዎ። ዳዊት በዕለት የተከፈለ ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። በዚህ ላይ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ከተጨመረ ለጀማሪ በቂ ነው። ስግደት ለለመደ ሰው እንኳ በ41 መጀመር አያሳፍርም። ቅዳሜና እሑድ፣ ሥጋ ወደሙ በተቀበሉበትም ቀን አይሰገድም።

ቡና የሚያዘወትሩ ከሆነ ከመሄድዎ ከሳምንት በፊት ጀምረው ይቀንሱ። በአንድ ጊዜ ሲቆም ሁለትና ሦስት ቀን ራስ ይፈልጣል፤ ብዙዎች ግን ፈተና መጣብን ይላሉ። (ዘጌ ደግሞ የቡና አገር ናት!)

ለሰባት ቀን አንድ ኪሎ ተኩል በሶና አንድ ኪሎ ቆሎ ይበቃል። ከ9 ሰዓት በኋላ መጀመሪያ በሶውን አቅጥነው፣ ቆንጠር ጨው ጨምረው ይጠጡ። ባዶ ሆድ ላይ ቆሎ ከቀደመ ያደርቃል። የሐይቁን ውሃ ሳያፈሉ አይጠጡ፤ እግርዎንም ሐይቁ ውስጥ አይንከሩ፤ ቢልሃርዚያ በቆዳ ይገባል። ነሐሴ ዝናብ ነውና ጋቢ፣ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ የእጅ ባትሪና አጎበር አይርሱ። ለገዳሙ ጧፍና ዕጣን ይውሰዱ።

የያዙት ሱባኤ ምሥጢር ነው፤ የት እንዳሉና መቼ እንደሚመለሱ ግን ከቤተሰብ አንድ ሰው ይወቅ።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሱባኤ ብገባ መርፌው ጾሜን ያፈርሰዋል?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ መርፌ መብል አይደለም። ጥያቄው መራቡ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው እንዲጾም አታስገድድም፤ ስለዚህ ለንስሐ አባትዎ ኢንሱሊን እንደሚወጉ በግልጽ ይንገሩ፤ የሰዓቱንና የመጠኑን ማስተካከያ ደግሞ ሐኪምዎ ብቻ ይስጥዎ። መርፌውን በራስዎ አያቁሙ፤ ሳይበሉም እንደወትሮው አይውጉ።

የሚያልብዎት፣ የሚያንቀጠቅጥዎት ወይም ዓይንዎን የሚያጭበረብርዎት ከሆነ ቅዳሴም ላይ ቢሆኑ ወጥተው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ካልወጣ ይድገሙ። ስኳሩን ከዳዊትዎ ጋር በአንድ ከረጢት ይያዙት፤ ማደሪያ ቤት የቀረ ስኳር አይደርስልዎትም። አብሮዎት ለሚያድር ሰውም ሕመምዎን ይንገሩ።

ማቀዝቀዣ ከሌለ ኢንሱሊኑን በሁለት ላስቲክ ጠቅልለው፣ ውሃ በያዘ እንስራ አጠገብ ጥላ ውስጥ ያኑሩት። ከ30 ዲግሪ በላይ እስካልሞቀ ድረስ የተጀመረው ብዙውን ጊዜ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የእርስዎን ዓይነት ግን ከፋርማሲው ያረጋግጡ።