«አጃ» ስንዴ ነው ወይስ የከብት መኖ?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ ጥቂት የወተት ላሞች አሉኝ። አንድ ጎረቤቴ ለላሞቼ «አጃ» እንድዘራ መከሩኝ፤ ከአርሲ የመጡት አማቴ ግን «አጃማ ስንዴ ነው፤ የአራስ ገንፎ ለከብት አይሰጥም» ይላሉ። ትክክለኛው አጠራር የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት እህሎች ነው። አማትዎ የሚሉት አጃ ከጥንታውያን የስንዴ ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ በአርሲ፣ በባሌ፣ በሸዋና በወሎ ሲዘራ የኖረ፣ ሲወቃም ፍሬው ከገለባው ስለማይላቀቅ ሳይሸከሸክ ለገንፎ የማይበቃ ነው። የጎረቤትዎ አጃ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ለሾርባ ታሽጎ የሚሸጠው፣ የስናር የቅርብ ዘመድ ነው። የስንዴው ዛላ ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን የዚህኛው ተበታትኖ ያዘነብላል፤ ማሳ ላይ ያየ ሰው አይሳሳትም።

በንግግር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚለየው ግሡ ነው። «አጃውን ወቅተን ሸከሸክነው» የሚል ሰው ስለ ስንዴው፣ «ለጋውን አጭደን ለላሞቹ ሰጠን» የሚል ደግሞ ስለ መኖው እንደሚናገር መገመት ይቻላል፤ ሆኖም በሰላሌ ሁለተኛውም አጃ ተወቅቶ ለምግብ ስለሚውል ግሡ ብቻውን ሁልጊዜ አያስተማምንም።

«ለከብት አይሰጥም» የሚለው የአማትዎ አስተያየት የልማድ እንጂ የቋንቋ ጉዳይ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ገበሬዎች ይህንኑ ስንዴ ለከብት መኖነት ይዘሩት ነበር፤ የሚገርመው፣ እነርሱም «ስፔልት» በተባለ በሌላ ስንዴ ስም ይጠሩት ስለነበር የስም መደበላለቁ የእኛ ብቻ አይደለም። እኛም ዘንድ ቢሆን ፍሬው ለሰው ሲቀር ጭዱ ለከብት ነው።

በጽሑፍ ግን አንባቢን ማደናገር ስለማይገባ፣ የመጀመሪያውን «አጃ ስንዴ»፣ ሁለተኛውን «የመኖ አጃ» ማለትን እመርጣለሁ። «የአጃ መኖ» ሌላ ነው፤ እርሱ ከአጃ የተገኘውን፣ ታጭዶ ወይም ተፈጭቶ የሚቀርበውን መኖ ያመለክታል። ስለዚህ ዘር ሲገዙ «የአጃ መኖ ስጡኝ» ካሉ ለመዝራት የማይሆን የታጨደ ነዶ ሊቀርብልዎ ይችላል፤ «የመኖ አጃ ዘር» ይበሉ።