የአገልግሎት ንግድ መጠይቅ ሲመጣ ከባንክ ስቴትመንት አትጀምሪ

ገላን የምትኖሪው እህታችን፣ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ፋብሪካ ልትቀጠሪ ነው። ፋብሪካው ከውጭ አገር ጋር ያደረገውን የአገልግሎት ግብይት በመንግሥት የስታቲስቲክስ መጠይቅ ላይ የምትሞዪው አንቺ ነሽ ተብለሻል። «የባንክ ስቴትመንቱን አይቼ ብሞላው አይበቃም? ይህስ ሙያ ይሆነኛል?» ብለሻል።

አይበቃም። ስቴትመንት የሚያሳየው ተቀናንሶ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ነው። መጠይቁ የሚፈልገው አገልግሎቱ በተሰጠበት ጊዜ የነበረውን ሙሉ ዋጋ ነው። ስለዚህ ከውልና ከኢንቮይስ ጀምሪ።

መጀመሪያ ጨርቁ የማን እንደሆነ ጠይቂ። ጨርቁ የውጭው ገዢ ንብረት ሆኖ ፋብሪካው ቆርጦና ሰፍቶ ብቻ ከመለሰ፣ የተሸጠው የስፌት አገልግሎት እንጂ ልብስ አይደለም። 50,000 ሸሚዝ፣ የአንዱ የስፌት ዋጋ 1.20 ዶላር፣ የገዢው ጨርቅ ለአንዱ 4 ዶላር ነው እንበል። የምትጽፊው 60,000 ዶላር ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ የጨርቁን ዋጋ ጨምሮ 260,000 ሊል ይችላል፤ ከዚያ ላይ መቅዳት ዋናው ስህተት ነው። ገዢው 4,500 ቀንሶ 55,500 ቢልክስ? የቀነሰው እሱ ለሠራው የጥራት ምርመራ ከሆነ 60,000 ኤክስፖርት፣ 4,500 ኢምፖርት ብለሽ ለየብቻ ትጽፊያለሽ። ለተበላሸ ስፌት ከሆነ ግን ዋጋው ራሱ ወርዷልና 55,500 ብቻ ነው። የቅናሹን ምክንያት የምታገኚው ዴቢት ኖቱ ላይ ነው፤ ይኸውም ገዢው ስንት እንደቀነሰና ለምን እንደሆነ ጽፎ የሚልከው ሰነድ ነው። ፋብሪካው ጨርቁን በገንዘቡ የገዛ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ የዕቃ ንግድ ስለሚሆን ከዚህ መጠይቅ ይወጣል።

ቀጥሎ ነዋሪነት፣ ማለትም ከፋዩና ተከፋዩ ሥራቸውን የሚያካሂዱበት አገር። መጠይቁ ላይ የሚገባው አንዱ ወገን እዚህ፣ ሌላው ውጭ ነዋሪ ሲሆን ነው። ዜግነትም ሆነ የተከፈለበት ገንዘብ አይወስነውም። ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የከፈላችሁት የካርጎ ሂሳብ በዶላር ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች እዚሁ ነዋሪ ስለሆኑ አይገባም። ማሽን ሊተክሉ ለሁለት ወር የመጡ ባለሙያዎች ሂሳቡን የላከው ውጭ ያለው ኩባንያቸው ከሆነ ይገባል። ፋብሪካው ራሱ ለቀጠረው የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ደመወዝ ግን አገልግሎት አይደለም። እናት ኩባንያው ለማኔጅመንት የሚያስከፍለው ሌሎች የንግድ አገልግሎቶች ውስጥ ይመዘገባል፤ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር) ከመቆረጡ በፊት ያለውን ጻፊ።

ቀን ላይ ተጠንቀቂ። ሰኔ 28 ቀን 2017 ያለቀ ሥራ በፈረንጆቹ ጁላይ 5 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ በጀት ዓመት ወደ 2017 ይሄዳል፣ በፈረንጆቹ ሩብ ዓመት ግን ሦስተኛው ውስጥ ይወድቃል። ፎርሙ የትኛውን እንደሚጠይቅ ቀድመሽ እይ። የብር ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዓመቱን በሙሉ በአንድ ተመን አትመንዝሪ። ግብይት የሌለበት ሣጥን ላይ ዜሮ ጻፊ፤ ባዶው «አልመለሱም» ተብሎ ይታሰባል።

ሙያነቱን በተመለከተ ጠባብ ናት፣ ግን ትፈለጋለች። ብሔራዊ ባንክ፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የባንኮች ዓለም አቀፍ ክፍሎችና የኦዲት ድርጅቶች ይህን የሚለይ ሰው ይጠቅማቸዋል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የክፍያ ሚዛን (አንድ አገር ከውጭ ጋር ያደረገው ግብይት መዝገብ) መመሪያ ስድስተኛ እትም በነፃ አውርደሽ 12ቱን የአገልግሎት ዘርፎች አጥኚ። ከዚያ አሥር ኢንቮይስ በኤክሴል ደርድሪ፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪነቱን፣ ዘርፉንና ቀኑን ሙዪ፣ ያንንም ለቃለ መጠይቅ ይዘሽ ሂጂ። ቁጥሮቹን ግን ራስሽ ፍጠሪ፤ የአሠሪ ሰነድ ለናሙና ብለሽ እንዳታወጪ።