ደመወዜን መንግሥት ይከፍላል፤ ጡረታዬንስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አየርላንድ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኢምፕሎይመንት ስኪም ላይ (ሥራ ፈትተው የቆዩ ሰዎች በሰፈር ማኅበራት በኩል የሚሠሩበት የመንግሥት ፕሮግራም) ረዳት ሱፐርቫይዘር ሆነሽ 6 ዓመት ሠርተሻል። ደመወዝሽ ከመንግሥት ነው የሚመጣው። «ታዲያ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለኝ ወይ?» ነው ያልሽው። አጭሩ መልስ፣ የለሽም። ረጅሙን ደግሞ ሱፐርቫይዘርነት ላይ 14 ዓመት ከቆየ ሰው ስሚ።

እኔም እንዳንቺ ነበር የማስበው። ስቀጠር ወረቀቱ ላይ የሚኒስቴሩን ስም ስላየሁ፣ በልቤ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ነበር። አንድ ቀን የቦርዳችንን ሰብሳቢ ጠየቅኳቸው። በነጻ የሚያገለግሉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ማዕከሉ ኩሽና ውስጥ ሻይ እየቀዱ፣ «ቀጣሪህ እኛ ነን። ግን እጃችን ላይ ያለው መንግሥት ለደመወዝና ለዕቃ የሚሰጠን ብር ብቻ ነው» አሉኝ። ስኳሩን አቀበሉኝና ወጡ።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የመንግሥት፣ ቀጣሪው የሰፈር ማኅበር። የጡረታ ነገር ሲነሣ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል።

ሌበር ኮርት፣ የሠራተኛና አሠሪ ክርክር የሚያየው አካል፣ እኮ በ2008 እ.ኤ.አ. ለሱፐርቫይዘሮች የጡረታ ስኪም ይቋቋም ብሎ ነበር። ግን የውሳኔ ሐሳብ እንጂ አስገዳጅ ፍርድ አልነበረም። መንግሥትም «ቀጣሪው እኔ አይደለሁም» እያለ ዓመታት ገፋው። ሲፕቱና ፎርሳ፣ ሁለቱ ዩኒየኖች፣ አልለቀቁም፤ አድማም ተመታ። በ2021 መጨረሻ ተስማሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይሄን ስምምነት «ጡረታ አገኘን» ብሎ ሲያወራ ነው። ለጡረታ ዕድሜ ለደረሱ ሱፐርቫይዘሮችና ረዳቶች አንዴ የሚሰጥ ክፍያ ነው። በየሳምንቱ የሚመጣ ነገር የለም። አንቺን ይመለከትሽ እንደሆነ ዩኒየንሽን በጽሑፍ ጠይቂ። የቡና ላይ ወሬ አትመኚ፣ የኔንም ጨምሮ።

እርግጠኛ የምትሆኚበት ጡረታ ከፒአርኤስአይ፣ ማለትም ከደመወዝሽ ከሚቆረጠው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ የሚመጣው የስቴት ፔንሽን (የመንግሥት ጡረታ) ነው። 66 ዓመት ሲሞላሽ ቢያንስ 520 ሳምንት፣ ማለትም 10 ዓመት፣ የተከፈለ መዋጮ ያስፈልግሻል። ሥራ ፈትተሽ የተመዘገበልሽ ክሬዲት ለዚህ 520 አይቆጠርም። እንደ ብዙዎቻችን በኢጣሊያ ወይም በጀርመን በኩል የመጣሽ ከሆንሽ፣ እዚያ መዋጮ የከፈልሽበት ጊዜ ሊደመርልሽ ይችላል። ማመልከቻው ላይ መጥቀስ አትርሺ። ሙሉው ክፍያ በ2026 በሳምንት 299.30 ዩሮ ነው። 10 ዓመት ብቻ ይዘሽ ግን ሙሉውን አትጠብቂ።

ሌላው ማይ ፊውቸር ፈንድ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ነው፤ በጃንዋሪ 2026 ጀመረ። ዕድሜሽ ከ23 እስከ 60 ከሆነ፣ በዓመት ከ20,000 ዩሮ በላይ የምታገኚ ከሆነና በደመወዝሽ በኩል ሌላ ፔንሽን ከሌለሽ ራሱ ያስገባሻል። አንቺ 3 ዩሮ ስታስገቢ ቀጣሪሽ 3፣ መንግሥት 1 ይጨምራል። «ደመወዜን ቆረጡብኝ» ብለው ለመውጣት የሚጣደፉ አሉ። ስንት ዓመት ስንለምነው የኖርነውን የቀጣሪ መዋጮ በገዛ እጅ መመለስ ለኔ ቂልነት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ማይዌልፌር የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ የመዋጮ መዝገብሽን አውጪ። እኔ ሳወጣው የአንድ ዓመት ግማሽ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ስኪሙ ጋ ከመምጣቴ በፊት የነበርኩበት የጽዳት ድርጅት መዋጮውን ከደመወዜ እየቆረጠ አላስገባም ነበር። ያዳነችኝ ባለቤቴ ነች። ፔይስሊፖቼን (የደመወዝ ወረቀቶቼን) በሙሉ የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በላስቲክ አስራ፣ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጣቸው ነበር። እነሱን ይዤ ስመላለስ አምስት ወር ፈጀብኝ፣ ግን 23ቱም ሳምንት ተመለሰልኝ። ያንቺ ፔይስሊፖች የት ናቸው?