መልስ፦ ጆርጂያ በምልመላ ብቻ ከላይ ይቆያል?

"የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በምልመላ ብቻ ለዓመታት ከላይ ይቆያል ወይ?" ላልከው፦ ምልመላው፣ ማለትም ጎበዝ ተጫዋቾችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሳቡ፣ መሠረት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

በ2022ቱ የኤንኤፍኤል ድራፍት (የፕሮፌሽናል ሊጉ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) 15 ተጫዋቾች በአንዴ ወጡበት። ሌላ ቡድን ቢሆን ወገቡ ይሰበር ነበር። እነሱ ግን በቀጣዩ የውድድር ዘመን ፍጻሜ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን (ቲሲዩ) ቡድን 65 ለ7 ደቁሰው የአገሪቱን የኮሌጅ ዋንጫ ደገሙት። ተተኪዎቹ ቀድመው ተመልምለው፣ ልምምድ ላይ ከነዚያው ከዋክብት ጋር ሲጋጩ ከርመው ነበራ! ደግሞ ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች) ስቴትሰን ቤኔት መጀመሪያ ያለ ስኮላርሺፕ የገባ ልጅ ነው። ይሄ ሁሌም ደስ ይለኛል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ2021 ወዲህ ተጫዋች በስሙ ገንዘብ ያገኛል፣ ቡድን መቀየርም ቀሎታል። ተራውን የሚጠብቅ ተተኪ ማቆየት ከብዷል። እኔ ብሆን የምልመላ ደረጃውን ትቼ፣ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ፣ ጥር ላይ፣ ስንት ተተኪ ቡድኑን እንደለቀቀ እቆጥራለሁ።